ከተኩሱ በኋላ ፖሊስ ሲመጣ

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ፤ ፈቃድ ያለው ሽጉጥም አለኝ። ሌሊት ሰብረው የገቡ ሰዎች ቢያጠቁኝና ብተኩስ፣ ከፖሊስ ጋር ምን ይጠብቀኛል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የቆሰለው ይታሰብ፣ ሊገድልዎ የመጣም ቢሆን። ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ። ቀለሃ አያንሱ፣ ደም አይጠቡ፤ የተሰበረው ቁልፍና መሬት ላይ የወደቀው ፌሮ የእርስዎ ምስክሮች ናቸው። ፖሊስ ሲደርስ ሽጉጥ በእጅዎ አይገኝ፤ ያለበትን ይንገሩ፣ ፈቃዱንም ያሳዩ። መሣሪያው በኤግዚቢትነት ይያዛል።

እርስዎም ሊታሰሩ ይችላሉ። ይህ ፍርድ አይደለምና አይደናገጡ፣ አይጋፉ። ስምዎንና ጥቃት እንደደረሰብዎ ተናግረው፣ ዝርዝሩን ጠበቃ ካማከሩ በኋላ እንደሚሰጡ ይግለጹ። ዝም የማለትና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ተረጋግጧል። በድንጋጤ የተሰጠ ቃል ብዙ ንጹሕ ሰው ይጎዳል፤ ያላነበቡትን አይፈርሙ።

የጉዳዩ እምብርት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ነው። ጥቃቱ ሕገወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ከሆነ አያስቀጣም። ልኩን ካለፈ በአንቀጽ 79 ቅጣቱ ይቀንሳል፤ ያለፈው ይቅር በሚባል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከቅጣት ነጻ ሊያደርግ ይችላል። ስፖኪዮ ይዞ የሚሸሽን ሌባ ከኋላው መምታት ግን መከላከል አይባልም። ለዕቃ ብለው አይተኩሱ።