ፓራፋንጎ ከመቆረጡ በፊት፦ ትልቅ ጎማና የሰበካ ተሽከርካሪ በካፋ መንገድ



በካፋ ዞን የዝናቡ ወራት ረጅም ናቸው። ከቦንጋ ተነሥቶ ወደ ዴቻ፣ ወደ ጌሻ ወይም ወደ ሳይለም የሚጓዝ ሰው ከጅማ ወደ ሚዛን የሚያልፈውን ዋና መንገድ ሲለቅ የሚቀበለው ቀይ ጭቃ ነው። የዘር እህል፣ የውኃ ቧንቧ፣ አንዳንድ ጊዜም ምጥ የጠናባት እናት የሚጓዙት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ መኪናው ጭቃ ውስጥ በተያዘ ቁጥር በኮሚቴ ስብሰባ አንድ ሐሳብ ይነሣል፦ «ትልቅ ጎማ ይግባለት፤ አልገባ ካለም ፓራፋንጎው ይቆረጥ።»

ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ነው። ነገር ግን ጎማ ቢሳሳቱበት ይመለሳል፤ የተቆረጠ ላሜራ ግን ተመልሶ አይበቅልም። በዚህ ትምህርት ከውሳኔው በፊት ምን መለካት፣ ምንስ መጠየቅ እንደሚገባን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ትልቅ ጎማ ምን ያህል ከፍ ያደርገናል?

በጎማው ጎን የተጻፈው ቍጥር መልሱን ይሰጠናል። 265/70 አር 16 በሚለው ጽሑፍ 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 16 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ሲሰላ የጎማው ሙሉ ቁመት 77.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በእርሱ ፈንታ 285/75 አር 16 ቢገባ ቁመቱ 83.4 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ 5.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ግማሹ ከቸርኬው መካከል በላይ ስለሚቀር መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው 2.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው። የጭነት መኪና ጎማ የቆፈረው ቦይ ከዚህ እጅግ የጠለቀ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

የምንከፍለው ዋጋም አለ። የፍጥነት መቍጠሪያው 80 ሲያሳይ መኪናው በእውነት የሚሄደው 86 ያህል ነው። በዳገት ሞተሩና ፍሪሲዮኑ ይደክማሉ፤ በቁልቁለትም ፍሬኑ የበለጠ ይሠራል።

እንግዲህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው መኪናው ለምን እንደተያዘ ነው። ሆዱ መሬት ነክቶ ከሆነ ከፍታ ይረዳል። ጎማው እየተሽከረከረ የተንሸራተተ ከሆነ ግን ችግሩ ጥርሱ ነው፤ በቀይ ጭቃ የተሞላ ጥርስ ከተላጨ ጎማ አይለይምና። እንዲህ ሲሆን በፋብሪካው ልክ የተሠራ፣ ጥርሱ ጥልቅና የተራራቀ የጭቃ ጎማ ያለ ምንም ቆረጣ ይበጃል።

በጠመኔ መፈተን

ትልቁ ጎማ የግድ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ፣ አራቱንም ከመግዛታችን በፊት አንዱን ከጎሚስታ ተውሰን በፊት በኩል እንሰር። የጎማውን ትከሻና ጎን ጠመኔ እንቀባ። መኪናው ዘወትር የሚሸከመውን ጭነት ይጫን። ሾፌሩ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎም ወደ ግራ አዙሮ በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንዳ። ከዚያም ጎማው በጠንካራ ከፍታ ላይ ወጥቶ ባሌስትራው ወይም ሞላው ሲጨመቅ ይህንኑ እንድገም። ጠመኔው ከጎማው የተፋቀበትና በአካሉ ላይ ነጭ ምልክት የተወበት ስፍራ ጎማው የሚነካበት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነካው ፓራፋንጎው ራሱ አይደለም፤ የውስጡ የፕላስቲክ ሽፋን፣ የጭቃ መከላከያው ወይም የፊት መከላከያው የታችኛው ጫፍ ነው። እነዚህን ማስተካከል ወይም የላላውን ባሌስትራ መቀየር ቆረጣን ሊያስቀር ይችላል። የመሪውን መዞሪያ መገደብም አንዱ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን በጠባብ የገጠር መንገድ መኪናው በሰፊው ካልሆነ አይዞርም።

መቁረጥ ግድ ሲሆን

ሥራው የመካኒክ ቢሆንም ኮሚቴው የሚከታተለው አለ። አንደኛ፣ ከላሜራው ኋላ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የፍሬን ቱቦ ወይም የነዳጅ መሙያ መኖሩ ይታይ፤ ብየዳ ካለም ባትሪው ይነቀል። ሁለተኛ፣ የሚቆረጠው መስመር በምልክት ተይዞ ጥቂት በጥቂት ይቆረጥ፤ በየጊዜውም በጠመኔ ይፈተን። ሦስተኛ፣ ሁለት ላሜራዎች የተጋጠሙበት ስፌት ከተቆረጠ ውኃ ስለሚገባበት ዳግመኛ መበየድ አለበት፤ የሚቻል ከሆነ ቆርጦ ከመጣል ወደ ውስጥ አጥፎ መቀጥቀጥ ይሻላል። የበሩን ምሰሶና ጋቢናው ከሻንሲው ጋር የተያያዘበትን ስፍራ ፈጽሞ መንካት አይገባም። አራተኛ፣ ጠርዙ በሞረድ ተስተካክሎ በዚያው ቀን የዝገት መከላከያና ቀለም ይቀባ። በካፋ ዝናብ ራቁቱን ያደረ ብረት ሳይውል ሳያድር ይዝጋል።

ከዚያ በኋላ

ስኮርታው አይዘንጋ። አራቱ ጎማዎች ትልልቅ ሆነው ስኮርታው ትንሽ ከሆነ፣ ጎማ በተነፈሰ ዕለት የአራቱም ጎማ ኃይል ተያይዞ ሲነዳ የልክ ልዩነቱ ማርሹንና ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። ስለዚህ የሚገዛው አምስት ጎማ ነው፤ በስኮርታው ማስቀመጫ መግባቱም ይለካ። ጎማው ከፓራፋንጎው ወደ ውጭ ከወጣ ጭቃና ጠጠር በመንገደኛ ላይ ይረጫል፤ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብም ጥያቄ ያስነሣል። በመሆኑም ለውጡን አስቀድሞ ለሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይገባል።

ተሽከርካሪው የምእመናን ገንዘብ ነው። የሾፌሩ ምክር ይሰማ፤ ውሳኔው ግን በልኬትና በቃለ ጉባኤ ይሁን። በቃለ ጉባኤውም መኪናው የተያዘበት ምክንያት፣ የጠመኔው ፈተና ውጤትና የአምስቱ ጎማዎች ዋጋ ይመዝገብ።

ለውይይት

1. ባለፈው ክረምት መኪናችን ስንት ጊዜ ተያዘ? ሆዱ መሬት ነክቶ ነው ወይስ ጎማው ተንሸራትቶ?
2. አሁን ያሉት ጎማዎች ጥርስ ምን ያህል ቀርቷል?
3. ለአምስት ትልልቅ ጎማዎች ከሚወጣው ገንዘብ በከፊሉ መኪናው ዘወትር የሚያዝበትን አንድ ስፍራ በድንጋይ መሙላት አይቻልም ወይ?