ቤቱ ሲሸጥ ተከራዩ የት ነው? የቃል ኪራይ ውልና የቤት ሽያጭ በደጎሎና በመሰል ትንንሽ ከተሞች

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው የተከራዩት ቤት በድንገት ሲሸጥ ተከራዮች በሕግ ፊት ያላቸውን ቦታ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ተከራዩን የሚያስወጣው በዋነኛነት ሽያጩ ሳይሆን ጊዜው ያልተወሰነና በቃል ብቻ የቆመ የኪራይ ውል ነው የሚል ነው። ሽያጩ ቀድሞ የነበረውን ክፍተት ይገልጠዋል እንጂ አይፈጥረውም።

መነሻ

ጥናቱ ከራሴ ገጠመኝ የተነሣ መሆኑን መደበቅ አይገባኝም። በ2015 ዓ.ም. በጃማ ወረዳ ዋና ከተማ በደጎሎ በመምህርነት ሳገለግል፣ የምኖረው በአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ በተሠራች አንድ ክፍል ነበር። ኪራዩን ወር በገባ ቁጥር በእጃቸው እሰጣቸው ነበር፤ ደረሰኝም ውልም ምስክርም አልነበረንም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ውርሱን ለመካፈል ግቢው እንዲሸጥ ወሰኑ። በታኅሣሥ አጋማሽ ጠርተው ቡና ካጠጡኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔ ጨክኜብህ አይደለም፤ ገዢው ግቢው ባዶ ካልሆነ አልረከብም አለ። ለጥር ሥላሴ ልቀቅልኝ» አሉኝ። የተሰጠኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው።

በዚያው ግቢ ሁለት ልጆች ይዛ የምትኖር አንዲት የጤና ባለሙያም ነበረች። እኔ ፍራሼንና ሻንጣዬን ይዤ የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ ገባሁ። እርሷ ግን ልጆች ላሉት ተከራይ በሩን የሚከፍት ግቢ በአጭር ጊዜ ማግኘት ስላልቻለች፣ ልጆቿን የግማሽ ዓመቱን ፈተና ሳይፈተኑ ወደ ቤተሰቦቿ ላከቻቸው።

አከራያችንን መውቀስ ቀላል ቢሆንም ትክክል አይደለም። እርሳቸው ልማዱ የሚጠይቀውን አድርገዋል፤ ጠርተው በአክብሮት ነግረውናል። ገዢውም ቢሆን የራሱ ምክንያት አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ይሁን እንጂ በትንንሽ ከተሞች ብዙ ጊዜ ገዢው የሚፈልገው የጭቃውን ቤት ሳይሆን ከቤቱ ጋር የሚተላለፈውን ይዞታ ይመስለኛል። አፍርሶ ሊሠራበት ለሚያስብ ሰው ተከራይ ያለበት ግቢ ያልተጠናቀቀ ግዢ ነው።

ሽያጭና ኪራይ ሲገናኙ

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በጥንቱ የሮማ ሕግ ኪራይ በአከራይና በተከራይ መካከል ያለ የግል ግዴታ እንጂ በቤቱ ላይ ያረፈ መብት ስላልነበረ፣ አዲሱ ባለቤት በቀድሞው ባለቤት ቃል አይታሰርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 የወጣው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ የመጀመሪያ ረቂቅ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። የሕግ ሊቁ ኦቶ ፎን ጊርከን ጨምሮ ብዙዎች አጥብቀው ተቃወሙት፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ሥራ ላይ የዋለው ሕግም ተቃራኒውን መርሕ ያዘ። በዚህ መርሕ ሽያጭ ኪራይን አያፈርስም፤ ገዢው በአከራዩ ቦታ ይተካል። ድንጋጌው ዛሬ በአንቀጽ 566 ይገኛል።

ለእኛ የበለጠ የሚያስተምረው ግን የፈረንሳይ ሕግ ይመስለኛል። የ1804ቱ (እ.ኤ.አ.) የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1743 ተከራዩን ከገዢው ይጠብቃል፤ ጥበቃውን ለማግኘት ግን ውሉ ሥልጣን ባለው ሰው ፊት የተደረገ ወይም ቀኑ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ተከራዩ በቤቱ ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃውም፤ ከሽያጩ በፊት መግባቱንና እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚናገር ማስረጃ ያስፈልገዋል። የእኛን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ረኔ ዳቪድ በዚሁ የፈረንሳይ የሕግ ትምህርት ያደጉ ምሁር ነበሩ።

በእኛ ሕግ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት። አንቀጹ ከዘረዘራቸው መብቶች መካከል ተራ የቤት ኪራይ የለም፤ ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የቃል ኪራይ ውል ውል ነው። ይህ ለተከራዩ የተደረገ ቸርነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአንድ ግቢ ላይ ሁለት ውሎች ሲገናኙ አንደኛው ማኅተም ያረፈበት፣ ሁለተኛው በቡና ሰዓት የተነገረ ይሆናል። ገዢው «ይህ ሰው መቼ ገባ? በስንት? እስከ መቼ?» ብሎ ቢጠይቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በምስክር መመለስ ይቻል ይሆናል፤ ሦስተኛው ግን ከመጀመሪያውም መልስ አልነበረውም። ጊዜው ያልተወሰነ ውል ደግሞ በማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ የሚችል ነው። እናም ሽያጭ ባይኖርም እንኳ እኔና ጎረቤቴ በማንኛውም ወር ልቀቁ ልንባል እንችል ነበር፤ እስከዚያ ድረስ የጠበቀን የአከራያችን ደግነት ብቻ ነበር።

በአገራችን ተከራይ ሽያጭን የማይፈራበት ዘመን ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የቀበሌ ቤት ስለማይሸጥ ተከራዩ የገዢ ሥጋት አልነበረበትም። ዋጋው ሌላ ነበር፤ እርሱ ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጠንካራ ጥበቃ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት በአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር የተከለከለበት ነው፤ ያም ጊዜያዊ ነበር።

አዲሱ አዋጅና ትንሿ ከተማ

እኔ ክፍሌን ከለቀቅሁ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጣ። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ቤቱ በሽያጭ፣ በውርስ ወይም በሌላ ምክንያት ወደ ሦስተኛ ወገን ከተላለፈ፣ አዲሱ ባለቤት ውሉን ለማቋረጥ ለተከራዩ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርበታል። ስድስት ወር ቢኖራት ኖሮ ጎረቤቴ ልጆቿን እስከ ሰኔ ታስተምር ነበር።

ነገር ግን አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ደጎሎን ለመሰለች ከተማ የመጀመሪያው ጥያቄ አዋጁ ደርሶላታል ወይ የሚለው ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ያሉባቸው መካነ ሰላምና ቱሉ አውሊያም ከሌላ አካባቢ በመጡ ሠራተኞች ምክንያት የኪራይ ፍላጎት ያለባቸው በመሆናቸው ጥያቄው እነርሱንም ይመለከታል። አዋጁ ቢደርስ እንኳ ስድስቱ ወር በጽሑፍና በምዝገባ ላይ የቆመ ነው። አከራዮች ደግሞ ወረቀት የሚሸሹበት ግልጽ ምክንያት አላቸው፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» መሠረት የኪራይ ገቢ ግብር ይከፈልበታል፣ የተጻፈ ውልም ለግብር ሰብሳቢው ማስረጃ ነው። ተከራዩም ቢሆን ወረቀት ከጠየቀ ኪራዩ ይጨመርብኛል ብሎ ይሰጋል።

በዚህ ምክንያት ጥበቃውን በኪራይ ውሉ ላይ ብቻ ከማንጠልጠል በሽያጩ ላይም ማኖር ይሻላል የሚል አስተያየት አለኝ። የኪራይ ውል ሊደበቅ ይችላል፤ ገዢ ግን ስሙ ያልዞረለትን ቤት አይፈልግምና ሽያጭ ወደ አዋዋዩ መምጣቱ አይቀርም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የይዞታ ማረጋገጫ ይታያል፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ይጣራል፣ የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ይጠየቃል። የመጨረሻው በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። ሕጉ በቤቱ የሚኖር፣ ነገር ግን በካርታው ላይ ስሙ የሌለ የትዳር ጓደኛ ሳያውቅ እንዳይሸጥበት በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ጥበቃ አኑሯል። ተከራይ የባለቤትነት መብት የለውምና የእርሱን ፈቃድ መጠየቅ አይገባም፤ መኖሩን መጠየቅ ግን ይቻላል። በሽያጭ ውሉ ላይ ተከራይ አለ ወይስ የለም፣ ካለ መቼ ገባ፣ በስንት ይከፍላል፣ መቼ ይለቃል የሚል አንድ አንቀጽ ቢገባ፣ ፈረንሳዮች የሚጠይቁት የተረጋገጠ ቀን በሻጩ በራሱ ፊርማ ይገኛል። ሻጩ የለም ብሎ ቢዋሽ ገዢው የሚጠይቀው ሻጩን ይሆናል።

የግብሩ ፍርሃት በዚህ አይወገድም፤ ሻጮች ለዚሁ ሲሉ የለም ማለታቸው አይቀርም። ገዢው ግን ተከራይ እንዳለ እያየ የለም የሚል ሰነድ ላይ ለመፈረም ያመነታል፤ ቢያንስ የመልቀቂያው ቀን ከመፈረሙ በፊት መነጋገሪያ ይሆናል።

ቀጥዬ የተከራየሁት ግቢ ባለቤት አንድ አዛውንት ነበሩ። ገና ስገባ ውል እንጻፍ ስላቸው «ምን በደልሁህ?» ብለው ጠየቁኝ። ግማሽ ገጽ የምትሆን ወረቀት ጽፈን ሁለት ጎረቤቶች በምስክርነት ፈረሙባት። ኪራዩንና የገባሁበትን ቀን ያለ ክርክር ተቀበሉ። እስከ መቼ የሚለው መስመር ግን «እግዜር ያውቃል» ስላሉ ባዶውን ቀረ።