ትንሿ ምስል ስትጠፋ ምን ማድረግ ይገባል?

ዛሬ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃና በሞት የተለዩን ዘመዶች ፎቶግራፍ የሚቀመጠው እንደ ቀድሞው በአልበም ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተር ፎልደር ውስጥ ጭምር ነው። ባለቤቱ ፎልደሩን ሲከፍት በእያንዳንዱ ፋይል ላይ የፎቶግራፉን ትንሽ ምስል ያያል፤ በእርሷም እየተመራ የሚፈልገውን ይመርጣል። አንዳንድ ጊዜ ግን ፎልደሩ ሲከፈት ምስሎቹ ሁሉ ጠፍተው በምትካቸው አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ ተደርድሮ ይገኛል። በዚህ ጊዜ «ፎቶግራፎቼ ተበላሹ» ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ነው፤ ደንግጦም ፋይሎቹን የሚደመስስ ወይም ፍላሹን ፎርማት የሚያደርግ አይታጣም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሚመረመር፣ በዊንዶውስ 10 ወይም በዊንዶውስ 11 የሚሠራውን ኮምፒዩተር ምሳሌ አድርገን በቅደም ተከተል እንመልከት።

ትንሿ ምስል ምንድን ናት?

ይህች ምስል በእንግሊዝኛ ተምኔይል ትባላለች፤ ትርጉሙም የአውራ ጣት ጥፍር ማለት ሲሆን ትንሽነቷን ለማመልከት የተሰጠ ስም ነው። ለምን እንዳስፈለገች በሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 3000 ፒክስል የሆነ ፎቶግራፍ በጠቅላላው 12,000,000 ነጥቦች አሉት። ይኸው ፎቶግራፍ ወርዱ 256፣ ቁመቱ 192 ፒክስል እንዲሆን ቢቀነስ የሚቀሩት ነጥቦች 49,152 ብቻ ናቸው፤ ይህም የዋናው 244ኛ እጅ ያህል ማለት ነው። በአንድ ፎልደር ውስጥ 300 ፎቶግራፎች ቢኖሩና ፎልደሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ከነሙሉ ነጥባቸው የሚነበቡ ቢሆን ኖሮ ሥራው እጅግ በዘገየ ነበር። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜ አንብቦ ትንሿን ምስል ይሠራና ለብቻዋ ያስቀምጣታል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው በዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ የምትቀመጠው እዚያው ፎልደር ውስጥ በተሰወረ ፋይል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ግን የልዩ ልዩ ፎልደሮች ትናንሽ ምስሎች በአንድ ግምጃ ቤት ተሰብስበው ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ትንሿ ምስል በቤተ መጻሕፍት እንዳለው የማውጫ ካርድ ናት። ካርዱ ቢጠፋ መጽሐፉ ከመደርደሪያው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ካርዱንም መጽሐፉን አይቶ እንደ ገና መጻፍ ይቻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ

ማናቸውንም ነገር ከመንካት በፊት ከፋይሎቹ አንዱን በማውስ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ መክፈት ይገባል። ፎቶግራፉ ከተከፈተ ዋናው ደኅና ነው፤ የጎደለው ካርዱ ብቻ ነው። ቀጥሎ «የጠፋው የት የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአንድ ፎልደር ብቻ ነውን? በሁሉም ፎልደር ነውን? በአንድ ዓይነት ፋይል ላይ ብቻ ነውን? ወይስ በአንድ ፋይል ላይ ብቻ? መልሱ ወደ መድኃኒቱ ይመራል።

1ኛ፤ በአንድ ፎልደር ብቻ ከሆነ። ምናልባት የፎልደሩ አቀማመጥ ተለውጦ ይሆናል። ሊስት፣ ዲቴይልስና ስሞል አይከንስ በሚባሉት አቀማመጦች ትናንሽ ምስሎች አይታዩም። ቪው ከሚለው ላርጅ አይከንስ የሚለውን መምረጥ፣ ወይም ኮንትሮል፣ ሺፍትና 2 ቁጥርን በአንድነት መጫን ይበቃል።

2ኛ፤ በሁሉም ፎልደር ከሆነ። ትእዛዙ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በስታርት መፈለጊያ «ፋይል ኤክስፕሎረር ኦፕሽንስ» ብሎ ጽፎ መክፈት፤ ቪው በሚለው ክፍል «ኦልዌይስ ሾው አይከንስ፣ ኔቨር ተምኔይልስ» የሚል ይገኛል። ትርጉሙም «ሁልጊዜ ምልክት ብቻ አሳይ፤ ትንሿን ምስል ከቶ አታሳይ» ማለት ነው። በፊቱ የእሺታ ምልክት ካለ ማንሳት ነው። አሮጌ ኮምፒዩተር እንዲፈጥን ተብሎ «አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ» የሚለው ተመርጦ ከነበረም ትናንሽ ምስሎች አብረው ይዘጋሉ፤ በዚያው ዝርዝር «ሾው ተምኔይልስ ኢንስቴድ ኦፍ አይከንስ» በሚለው ፊት ምልክት ማድረግ ይመልሳቸዋል።

3ኛ፤ ትእዛዙ ትክክል ሆኖ ሳለ ምስሎቹ ባዶ ወይም ጥቁር ሆነው ከታዩ። ግምጃ ቤቱ ተበላሽቶ ይሆናል። ዲስክ ክሊንአፕ የሚባለውን ከፍቶ ሲ የተባለውን ዲስክ መምረጥ፣ ከዚያም ተምኔይልስ በሚለው ፊት ብቻ ምልክት አድርጎ ማጽዳት ነው። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዝርዝሩ ሪሳይክል ቢን ወይም ዳውንሎድስ ቢገኝና ምልክት ቢኖርበት ማንሳት ይገባል፤ አለዚያ ካርዱን እናጸዳለን ስንል መጽሐፉን እናቃጥላለን። ከዚህ በኋላ ፎልደሩ መጀመሪያ ሲከፈት ቢዘገይ፣ ኮምፒዩተሩ ምስሎቹን እንደ ገና በመሥራት ላይ ስለ ሆነ መታገሥ ነው።

4ኛ፤ በአንድ ዓይነት ፋይል ላይ ብቻ ከሆነ። ለምሳሌ ጄፔግ የተባሉት እየታዩ፣ ስማቸው በኤች.ኢ.አይ.ሲ. የሚያልቅ ግን ላይታዩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ብዙ የአይፎን ስልኮች ፎቶግራፍን በዚህ ዓይነት ያስቀምጣሉ፤ ኮምፒዩተሩ ይህን ዓይነት ማንበብ ካልቻለ ትንሿን ምስል ሊሠራ አይችልም፤ ፎቶግራፉም ላይከፈት ይችላል። ቢሆንም ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ከማይክሮሶፍት ስቶር «ኤች.ኢ.አይ.ኤፍ. ኢሜጅ ኤክስቴንሽንስ» የተባለውን፣ አስፈላጊም ሲሆን «ኤች.ኢ.ቪ.ሲ. ቪዲዮ ኤክስቴንሽንስ» የተባለውን መጨመር ነው። ለወደፊቱ ደግሞ በስልኩ ማስተካከያ ካሜራ፣ ቀጥሎ ፎርማትስ በሚለው ስፍራ «ሞስት ኮምፓቲብል» ቢመረጥ የሚነሣው ፎቶግራፍ ጄፔግ ይሆናል።

5ኛ፤ በአንድ ፋይል ላይ ብቻ ከሆነና ፋይሉም አልከፈት ካለ። መጠኑን መመልከት ነው። ዜሮ ከሆነ በውስጡ ምንም የለም፤ ሲገለበጥ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል ከመጀመሪያው ስፍራ እንደ ገና መገልበጥ ይገባል። በፍላሽ ላይ ያሉት ፋይሎች በሙሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው መጠናቸው 1 ወይም 2 ኪሎባይት ሆኖ ከተገኘ ግን ነገሩ የቫይረስ ሥራ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ከቶ አለመክፈት፣ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ መመርመር፣ ከዚያም «ሂደን አይተምስ» የሚለውን አብርቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ እውነተኞቹ ፎቶግራፎች ተሰውረው እዚያው ይገኛሉ።

ማጠቃለያ

በምርመራው ሁሉ አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን ማየት ነው። ሦስት ነገር በአንድነት የለወጠ ሰው ሕመሙ ቢድን እንኳ መድኃኒቱ የትኛው እንደ ነበረ አያውቅም። ደግሞም ፎቶግራፍን በኮምፒዩተርና በሌላ ዲስክ፣ ቢያንስ በሁለት ስፍራ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ወላጆቻችን ያቆዩልን ፎቶግራፍ በእኛ እጅ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን በችኮላ ነውና፣ ከመደምሰስ በፊት መመርመርን ልማድ እናድርግ።