ስለ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሥራ

ካረጀ ልብስ የተቈረጠ እራፊ ብቻውን ሲታይ ለምንም የማይረባ ይመስላል። ነገር ግን ብዙው እራፊ በዐሳብ ተመርጦ፥ በልክ ተቈርጦ፥ በመርፌ ሲጋጠም አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ ይሆናል። በኢትዮጵያ ከእራፊ የተሰፋ ልብስ ድሪቶ ይባላል፤ ስሙም የድኻ ስም ነውና የሚለብሰው ሰው ያፍርበታል። በአሜሪካ አገር ግን ይህ ሥራ እንደ ትልቅ ጥበብ ይቈጠራል። ይልቁንም የጂስ ቤንድ ሴቶች በዚህ ሥራ ስመ ጥር ሆነዋል።

ጂስ ቤንድ በአላባማ ግዛት የሚገኝ መንደር ነው፤ የአላባማ ወንዝ ታጥፎ በሦስት ወገን ይከበዋል። የመንደሩ ሰዎች የጥቁር ባሮች ልጅ ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ፔትዌይ ይባላሉ፤ ይህም የጥንቱ የባለ እርሻው ጌታ ስም ነው። ከባርነት ከወጡ በኋላም ጥጥ እያረሱ በዕዳ ይኖሩ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1932 ዓመተ ምሕረት፥ ያበድራቸው የነበረው ነጋዴ በሞተ ጊዜ፥ የ60 ያህል ቤተ ሰብ ከብትና እህል፥ የእርሻውም ዕቃ ሁሉ ስለ ዕዳው ተወሰደባቸው። የእንጨት ጐጆአቸውም ብርድ ያስገባ ነበር። ስለዚህ በዚያ መንደር አሮጌ ልብስ አይጣልም ነበር። ያለቀ ሱሪ፥ ያረጀ ቀሚስ፥ የማዳበሪያ ከረጢት እንኳ ለብርድ ልብስ ይቀመጥ ነበር። በመካከል የሚገባውንም ጥጥ ከመዳመጫ ቤት ወለል ጠርገው፥ በበትር እየመቱ አቧራውን ያራግፉት ነበር።

የዚህ ሥራ መጀመሪያው መርፌ አይደለም፤ ምርጫ ነው። ብልህ ሴት አስቀድማ ጨርቁን ሁሉ ታጥባለች። አዲስ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ያጥራል፤ ቀዩም ቀለሙን ሊለቅ ይችላል፤ ይህ ከስፌት በኋላ የሆነ እንደ ሆነ ብርድ ልብሱ ይኰማተራል፥ ነጩም ይበላሻል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጨርቅ ወደ ብርሃን አንሥታ ታያለች። የሱሪ ጕልበትና የሸሚዝ ክርን ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከጕልበቱ በስተ ኋላ ያለው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጠነከረ ይኖራል። ወፍራሙ ከስሱ ጋራ የተሰፋ እንደ ሆነ ስሱን እየሳበ ይቀደዋል፤ ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻቸው ትከምራለች። ስስ ሆኖ ቀለሙ የሚያምር ጨርቅ ቢኖራት በበስተ ኋላው ሌላ ጨርቅ ደርባ ታጠነክረዋለች።

ቀለምም እንዲሁ ይመረመራል። ቀይና አረንጓዴ የተለያዩ ቀለሞች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም እኩል የጠቈሩ ከሆኑ ከሩቅ ለሚያይ ሰው አንድ ይመስላሉ፥ ሥራውም ሁሉ ሳይታይ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ጨርቆቹን መሬት ላይ ዘርግቶ፥ ጥቂት ርቆ፥ ዓይንን ከፊል ጨፍኖ መመልከት ነው። ያን ጊዜ ብሩሁ ከጥቁሩ ተለይቶ ይታያል።

መቀስ ሳይነሣ ደግሞ ድርና ማጉን ማየት ይገባል። ጨርቅ በድሩ በኩል ሲሳብ እንቢ ይላል፤ በማጉ በኩል ሲሳብ ጥቂት ይረዝማል፤ በሰያፍ ሲሳብ ግን እንደ ሊጥ ይለጠጣል። በሰያፍ የተቈረጠ እራፊ ሲሰፋ ይጣመማል፤ አንዱ ሲጣመም ጐረቤቱን ይዞ ይጣመማል።

ቍጥር የሚጠላ ሰው በዚህ ሥራ አይሳካለትም። ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ እንዲታይ የተፈለገ እራፊ በ10 ሳንቲ ሜትር አይቈረጥም፤ ለስፌቱ በቀኝም በግራም 6 ሚሊ ሜትር ተጨምሮ በ112 ሚሊ ሜትር ይቈረጣል። ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ስፋቱ 1 ሜትር ከ80 ለሆነ ብርድ ልብስ እንዲህ ያለ እራፊ 360 ያስፈልጋል። በርዝመቱ 20 እራፊ ሲጋጠም ስፌቱ 19 ነው። በእያንዳንዱ ስፌት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳሳቱ፥ በመጨረሻው ስሕተቱ 38 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከአንዱ መርፌ ላይ የማይታይ ጥፋት ከጫፍ ሲደርስ ሁሉ ያየዋል።

አጋጣጠሙ ልዩ ልዩ ነው። ቀላሉ፥ ሁለቱን እራፊ አገናኝቶ፥ ከሌሎች ሁለት ጋራ አጋጥሞ፥ ረድፍ ማድረግ፥ ረድፉንም ከረድፍ ጋራ መስፋት ነው። በዚህ መንገድ ስፌቱ ሁሉ ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ወደ ማዕዘን ገብቶ የሚሰፋ የለምና። የጂስ ቤንድ ሴቶች እጅግ የሚወዱት ግን የቤት ጣራ የሚባለውን ነው። ከመካከል አንድ ትንሽ እራፊ ይቀመጣል፤ በአንድ ወገኑ ቀጭን ቁራጭ ይሰፋበታል፤ ሁለተኛው ቁራጭ የፊተኛውን ጫፍ ጭምር ይሸፍናልና ከእርሱ ይረዝማል፤ ሦስተኛውም፥ አራተኛውም እንዲሁ እየዞረ ይቀጥላል። ትንሹ እያደገ ሄዶ አልጋ ይሸፍናል። ዙሩ ሁሉ እኩል እንዲሆን ግድ አይደለም። ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ጨርቅ ባለቀባቸው ጊዜ ሌላ ቀለም ያስገቡ ነበር፤ አንዱን ወገን አስፍተው ሌላውን ያጠቡ ነበር። ሥርዓቱን ሳያውቁ መሳሳትና ሥርዓቱን አውቆ መለወጥ አንድ አይደለም፤ የእነርሱ ሁለተኛው ነው።

በዚህ መንደር ወይዘሮ ሚዙሪ ፔትዌይ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ናትናኤል ከሞቱ በኋላ፥ በ1942 ዓመተ ምሕረት፥ ባላቸው ለእርሻ ይለብሱት የነበረውን ልብስ ሰብስበው መታሰቢያ እንዲሆናቸው፥ ከሥሩም እንዲተኙ፥ ብርድ ልብስ ሊያደርጉት ቈረጡ። ይህንንም ልጃቸው አርሎንዚያ በኋላ ዘመን ተናግራለች። እንዲህ ያለው ጨርቅ ቢበላሽ ምትኩ ከገበያ አይገዛም፤ የሟቹ ልብስ የተቈጠረ ነውና። የሥራ ልብስ ደግሞ ሙሉው ደኅና አይሆንም፤ የተቀደደ አለ፥ የተጣፈ አለ፥ የሳሳ አለ። ወይዘሮ ሚዙሪም ያንን በሰፊ እራፊና በረጅም ቁራጭ አጋጥመው ከ2 ሜትር የሚበልጥ ብርድ ልብስ ሠሩ።

በ2002 ዓመተ ምሕረት የጂስ ቤንድ ብርድ ልብሶች በሂዩስተንና በኒው ዮርክ ከተማ በሥዕል ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ለሕዝብ ታዩ። የወይዘሮ ሚዙሪም ሥራ ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኘው በአገሩ ብሔራዊ የሥዕል ቤት ተቀምጧል። ከሥራ ልብስ በተሠሩት በእነዚያ ብርድ ልብሶች ላይ ቀርቦ የሚመለከት ሰው የለባሹን ድካም ያነባል፤ ፀሐይና እጥበት የነካው ነጥቷል፤ ኪሱ የተነቀለበት ቦታ ግን እንደ አዲስ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል።