የተሸጠ መልክና የንስሐ ደጅ

ሰው ለኑሮው ሲል ለገበያ የሚያቀርበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጉልበቱና ሙያው፥ ሁለተኛው ራሱ ነው። ጉልበቱን የሸጠ ሰው ሌሊቱን ዐርፎ ቢያድር ጧት ጉልበቱ ይመለስለታል፤ ራሱን የሸጠ ግን የሰጠውን መልሶ የሚያገኝበት ጧት የለውም። በኢንተርኔት አማካይነት ዕርቃንን ለገንዘብ የማሳየት ሥራ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ነገሩ ለመናገር የሚያሳፍር ቢሆንም፥ ካህናት በንስሐ የሚሰሙት፥ ወላጆችም የሚጨነቁበት ጉዳይ ሆኗልና፥ ሳያውቁ ከመፍረድ ዐውቆ መምከር ይሻላል።

በመጀመሪያ ወደዚህ ሥራ የሚገባው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ብዙ ሰው የሚገምተው ዝሙትን የወደደ ብቻ እንደሚገባበት ነው። ነገር ግን የቤት ኪራይ፥ የትምህርት ክፍያ፥ የሕፃን ቀለብ ያስጨነቃት ሴት ትገባበታለች፤ ገንዘቡ በቀላሉ የሚገኝ መስሎት በገዛ ፈቃዱ የሚገባም አለ፤ ተታልሎ የሚገባም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ብዙዎችን ሥራ ባሳጣ ጊዜ ቁጥራቸው እጅግ በዛ። በ2016 በለንደን የተቋቋመው ኦንሊፋንስ የተባለው ድርጅት ስሙ በዓለም የገነነው በዚያን ጊዜ ነው። ድርጅቱ ከገቢው ከመቶ 20 እጁን ለራሱ ያስቀራል። የቀረው 80 እጅ ለሠራተኛዪቱ ነው ሲባል መልካም ንግድ ይመስላል፤ ሆኖም ጥቂቶች ሲበለጽጉ የብዙዎቹ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ይህም ቢሆን የጸና እንጀራ አይደለም። በኦገስት 2021 ድርጅቱ ከባንኮች ጋር ስላለበት ችግር እንዲህ ያለውን ሥዕል እከለክላለሁ ብሎ አስታወቀ፥ ሳምንት ሳይሞላም ውሳኔውን ሻረ። በእነዚያ ቀኖች የብዙ ሰዎች ኑሮ በማያውቋቸው ባለ ባንኮች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በኮሎምቢያ ያለው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በዚያ አገር ብዙዎች የሚሠሩት ስቱዲዮ በሚባል ቤት ውስጥ በካሜራ ፊት ተቀምጠው ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በዲሴምበር 2024 ባወጣው ጥናት እንደ ገለጸው፥ ተመልካቹ ከሚከፍለው ከመቶ 50 እስከ 65 እጁን የኢንተርኔቱ ድርጅት ይወስዳል፤ ከተረፈውም ላይ ስቱዲዮው እስከ 70 እጅ ድረስ የሚያስቀርበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ከፍተኛውን ቢወስዱ፥ ከመቶ ዶላር ውስጥ ለሠራተኛዪቱ የሚደርሳት ዐሥር ዶላር ተኩል ብቻ ነው። ክፍሎቹ ጠባቦች፥ ትኋንና በረሮ የሞላባቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ ዕረፍት ሳይሰጣቸው ረጅም ሰዓት የሚሠሩም ነበሩ። እንግዲህ ራሷን ሸጠች የምንላት ሴት ከዋጋዋ ያገኘችው ፍርፋሪውን ነው።

የገንዘቡ ነገር ይህ ሲሆን፥ የበረታው ጉዳት የሚመጣው ግን ሥራው ካበቃ በኋላ ነው። ለዚህም በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ ከተማ የተፈረደው ነገር ምስክር ነው። አንድ ድርጅት ለፎቶግራፍ ሞዴልነት እቀጥራለሁ እያለ ወጣት ሴቶችን ይጠራ ነበር። የሚቀረጸው ፊልም በሩቅ አገር በዲቪዲ ብቻ እንደሚሸጥ፥ በኢንተርኔት ከቶ እንደማይወጣም ያረጋግጥላቸው ነበር። ፊልሙ ግን በኢንተርኔት ወጣ፤ ወደ ቤተ ሰቦቻቸውና ወደ ትምህርት ቤት ባልንጀሮቻቸውም ደረሰ። 22 ሴቶች ከስሰው በጃኑዋሪ 2020 ፍርድ ቤቱ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ፈረደላቸው፤ የፊልሞቹንም ባለቤትነት ለእነርሱ አደረገ። ከአገር ሸሽቶ የነበረው የድርጅቱ ባለቤት በ2022 በስፔን ተያዘ፤ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ የ27 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ፍርድ ተገኘ፥ ካሣ ተወሰነ፥ በዳዩም ታሰረ፤ ፊልሞቹ ግን ከአንዱ ገጽ ሲነሡ በሌላው ይታያሉ። አንድ ጊዜ የተበተነውን ሥዕል ማን እንደ ቀዳው፥ የት እንዳስቀመጠው የሚያውቅ የለምና።

በፈቃዳቸው የገቡትም ከዚህ አያመልጡም። በአሜሪካ የቀድሞ ወይም የትርፍ ሰዓት ሥራቸው ስለ ታወቀ ብቻ ከማስተማር ሥራቸው የተለዩ መምህራን አሉ። በሃያ ዓመቷ የተነሣችው ሥዕል በአርባ ዓመቷ በቀጣሪዋ፥ በባሏ፥ ወይም በገዛ ልጇ ፊት ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ወጣት፥ ዛሬ የሚቀበለውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ገና ያላገባትን ሚስቱንና ገና ያልወለዳቸውን ልጆቹን ጨምሮ ይቍጠር።

በስንክሳር ሚያዝያ 6 ቀን የምትታሰበው ግብፃዊት ማርያም በእስክንድርያ በዝሙት ከኖረች በኋላ በኢየሩሳሌም ወደ ንስሐ ተመለሰች፤ ዮርዳኖስንም ተሻግራ 47 ዓመት በበረሃ ተጋደለች። ስትሻገር እስክንድርያ ከኋላዋ ቀረች፤ ካህኑ ዞሲማስም ታሪኳን የሰማው ከራሷ አንደበት ነው። የዛሬዪቱ እኅት ግን ዮርዳኖስን ስትሻገር መልኳ ቀድሟት ተሻግሮ በወዲያኛው ዳር ይጠብቃታል። ስለዚህ የእርሷ ንስሐ ከፊተኛዪቱ ያነሰ አይደለም፤ በየዕለቱ ከሚታደስ ኀፍረት ጋር የሚፈጸም ነውና እንዲያውም የከበደ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ ሆይ፥ በፊታችን ሁለት መዝገብ አለ። አንዱ ንስሐ የገባን ሰው በደል የሚደመስሰው የምሕረት መዝገብ ነው፤ ሁለተኛው ምንም የማይረሳው የገበያ መዝገብ ነው። የንስሐ አባት የሰማውን በልቡ ቀብሮ ቢይዝ፥ ምእመናን ግን ሥዕሉን ከስልክ ወደ ስልክ ቢያስተላልፉ፥ ካህኑ የፈታውን እነርሱ መልሰው አሰሩት ማለት ነው። የሚያስተላልፈው ሰው ገንዘብ ባይቀበልም ያችን ሴት እንደ ገና ሸጧታል፤ የሚመለከተውም ገበያውን አቁሞላታል።

ካህናትም ምክራቸውን በቃል ብቻ አይወስኑት። ሥዕሏ ያለ ፈቃዷ የተሰራጨባትን ሴት ሕግ እንደሚረዳት ይንገሯት፤ በሜይ 2025 በአሜሪካ የወጣው ሕግ፥ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ሥዕል በተጠየቁ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዛል፤ በአውሮፓም ከ2018 ጀምሮ ሰው ስለ ራሱ የተያዘው መረጃ እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት አለው። ከሥራው ለመውጣት የፈለገችውም የኪራይዋ ቀን ሲደርስ ወደ ኋላ እንዳትመለስ፥ ሰበካው ሥራ ያፈላልግላት፥ እስክትቋቋምም ይደግፋት። ችግር አስገብቷት ሳለ ስብከት ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ደጁን ከፍቶ መንገዱን መዝጋት ነው።