ፍጻሜው ሳይታወቅ ስለሚጀመር ሥዕል

ሥዕል በሀገራችን የቆየ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ሥዕል ባየን ቍጥር የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ ማን ነው?» ወይም «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፣ የዐድዋ ጦርነት ከነሰልፉ በተሣለ ጊዜ መልሱ ወዲያው ይገኛል። ረቂቅ ሥዕል የሚባለው ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ በእርሱ ላይ የሚታየው መስመር፣ ቅርጽና ቀለም ብቻ ነውና። ከዚህም የተነሣ «ይህንማ ሕፃንም ይሥለዋል» የሚሉ ሰዎች አሉ። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ረቂቅ ሠዓሊ ሥራውን ከምን ተነሥቶ በምን እንደሚመራው ነው። ነገሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በየቤታችን ከሚያከራክረን ጉዳይ ጋር ስለሚገናኝ ወላጆቻችንም ቢያነቡት አይጠሉትም ብዬ አምናለሁ።

ረቂቅ ሥዕልን በኢትዮጵያ ካስተዋወቁት ሰዎች መካከል ስሙ አስቀድሞ የሚነሣው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የሃይማኖት መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ ከቀለምና ከብሩሽ ጋር የተዋወቀው እንግዲህ በቤቱ ነው። ዳሩ ግን ኮሌጅ በገባ ጊዜ የጀመረው የእርሻ ትምህርት ነበር፤ እርሱንም ሳይጨርስ ተወውና ወደ ጀርመን ሀገር ሄዶ በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ። ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን በአዲስ አበባ ለሕዝብ አሳየ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ሥራው የኢትዮጵያ ሥራ አይመስልም እያሉ የነቀፉት ነበሩ። ይህ ነቀፋ ትክክል አይመስለኝም። «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕሉን ብንመለከት የስቅለትን ነገር የሚነግረን በፊትና በልብስ ዝርዝር ሳይሆን በቀዩ ቀለም ኃይል ነው፤ የቤተ ክህነት ልጅ መሆኑንም አይሸሽግም።

ረቂቅ ሠዓሊ እንዴት ይሠራል? ፈረስ የሚሥል ሰው መሪ አለው፤ ፈረሱን ያያል፤ ሥዕሉ ፈረሱን ባልመሰለ ጊዜ ያርመዋል። ረቂቅ ሠዓሊው ግን የሚያስተያየው ነገር በፊቱ የለም። ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ያሰምራል ወይም አንድ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ይመለከታል። ሁለተኛው ቅብ ለመጀመሪያው የሚሰጥ መልስ ነው። አስቀድሞ ሁሉን ነገር ወስኖ ለምን አይጀምርም ለሚል ሰው ምክንያቱ በራሱ በቀለሙ ውስጥ ይገኛል። አንድ ቀለም ለብቻው ሲታይና ከሌላ ቀለም አጠገብ ሲሆን አንድ ዐይነት አይደለም። ግራጫ ቀለም በቀይ ቢከበብ ወደ አረንጓዴ ያደላ ይመስላል፤ ያው ግራጫ በአረንጓዴ ቢከበብ ደግሞ ቅላት ያለው ይመስላል። (ባለቀለም ወረቀት ቆርጦ መሞከር ይቻላል፤ ወጪው ትንሽ ነው።) ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ቅብ ቀደም ብሎ የተቀባውን ሁሉ ይለውጠዋል። ሠዓሊው በማለዳ ያሰበው ቢጫ ከቀትር በኋላ ሌላ ቢጫ ይሆንበታል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል የሚመራው ምንድን ነው? እኛ በአማርኛ «ልቤ ነገረኝ» የምንለው ነው። ነገር ግን ልብ ሳይማር አይናገርም። ለዚህ ከቅኔ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይደርሳል፤ ለብቻው ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። ከዓመታት በኋላ በማኅሌት ቆሞ ከዚህ በፊት ያልተሰማ ቅኔ ሲያፈስ «ዘረፈ» ይባላል። የሚሰማው ሰው ከሰማይ የወረደለት ይመስለዋል፤ ሰዋስውን ያጠናባቸውን ሌሊቶች ግን አላየም። ሩሲያዊው ሠዓሊ ካንዲንስኪም እ.ኤ.አ. በ1913 «ኮምፖዚሲዮን 7» የተባለውን፣ ቁመቱ 2 ሜትር ወርዱም 3 ሜትር የሆነውን ረቂቅ ሥዕል በ4 ቀን ገደማ ሣለ። ሥዕሉ ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንደ ተለወጠ ሠዓሊት ጋብሪኤለ ሙንተር በፎቶግራፍ አንሥታዋለች። ታዲያ ከዚያ በፊት ከ30 የሚበልጡ ንድፎችን አዘጋጅቶ ነበር። ሕፃንም ይሥለዋል ለሚሉት መልሱ ይህ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከዘመድ ወዳጅ ሁሉ የሚቀርብለት ጥያቄ «ምን ልትሆን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ፍቅር እንጂ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን ሥዕሉ ሳይጀመር «ይህ ምንድን ነው?» እንደ ማለት ነው። ገብረ ክርስቶስ እርሻ መማር በጀመረ ጊዜ ቢጠየቅ መልሱ ሌላ በሆነ ነበር። በልጅነቱ ያየው የአባቱ ብሩሽ ምን ትርጉም እንደ ነበረው የታወቀው ኮሎኝ ከሄደ በኋላ ነው፤ ኋላ የመጣው መስመር የፊተኛውን ለወጠው።

ይሁን እንጂ ንጽጽሩን አለመጠን መሳብ አይገባም። የዘይት ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ ያልወደደውን ሠዓሊ በቢላዋ ይፍቀዋል፤ ያለፈ የትምህርት ዘመን ግን አይፋቅም። ደግሞም የእኛን ሸራ የገዙልን ወላጆቻችን ናቸው፤ ምን እንደሚሣልበት ቢጠይቁ ባለመብት ናቸው። እኔ የምለምናቸው የመጀመሪያው መስመር ሲሰመር ሥዕሉ አለቀ ብለው እንዳይፈርዱ ነው። ጓደኞቼም «ልቤ ነገረኝ» ከማለታቸው በፊት 30ውን ንድፍ ይቍጠሩ።

ሌላም ልዩነት አለ። በሸራው ላይ የሠዓሊው እጅ ብቻ ይሠራል፤ በሕይወት ግን ያልጠሩት እጅ ይገባል። ገብረ ክርስቶስ ከአብዮቱ በኋላ ከሀገሩ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት በስደት ሞተ። ዕድሜው ገና 50 ዓመት አልሞላም ነበር። ጀርመን ሀገር ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹ ግን ተመልሰው፣ በ2000 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስድስት ኪሎ ተከፈተ።

ከቤቴል ተነሥቶ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ለመሄድ ለሚያስብ ሰው፣ ሙዚየሙ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። እዚያም ሲደርስ በመጀመሪያ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ቀጥሎ ይጠጋና ከላይኛው ቀለም ሥር የታችኛው በየት በኩል ብቅ እንደሚል በየጠርዙ ይፈልግ።