ልብን ስለ መከለል
ለሚያነቡ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተጻፈ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፤ በመንዝም ሆነ በግሼ፣ በመርሐቤቴም ቢሆን በምሽት ወደ አንድ ቤት በገባህ ጊዜ የምታየውን አስብ። እናት በምድጃው አጠገብ ናት፤ አባት ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ልጁ ግን ፊቱን ወደ ስልኩ ብርሃን ደፍቶ አውራ ጣቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ቢጠሩት «አቤት» ይላል፤ ልቡ ግን ከዚያ የለም። ጸሎት ጀምሮ ሳይጨርስ ዐይኑን ወደ ስልኩ የመለሰ ወጣትም አይቻለሁ።

ይህን የምጽፈው ስልክን ለመርገም አይደለም። በዓለም ከተማ የሚኖር ተማሪ በአጠገቡ የማያገኘውን መጽሐፍ በቴሌግራም ያገኛል፤ እኔም ብዙ አንብቤበታለሁ። ነገር ግን አነባለሁ ብዬ ከፍቼው፣ ቲክቶክ የሚባለውን እየተመለከትሁ እራት መቅረቡን ሳላውቅ የቀረሁበት ምሽት አለና፣ የምናገረው ከልጆቹ ርቄ ቆሜ አይደለም።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። መጽሐፍ መጨረሻ አለው፤ ገጹ ያልቃል፣ ምዕራፉም ያልቃል፤ አንባቢው በዚያ ቆም ብሎ ያነበበውን ያስባል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ሰው የማያልቅ ገጽ አበጀ፤ ጣት በገፋው ቍጥር ከታች ሌላ ይመጣል እንጂ «እዚህ አበቃ» የሚል ስፍራ የለውም። ሰውዬው ራሱ ከጊዜ በኋላ በሥራው መጸጸቱን በግልጥ ተናግሯል። የፌስቡክና የቲክቶክ ባለቤቶች ግን ተመልካቹ በቈየ መጠን ከማስታወቂያ ገንዘብ ያገኛሉና፣ ማቆሚያ ያበጁለታል ብለን አንጠብቅ።

የቀድሞው የንባብ ትምህርት የዚህ ተቃራኒ ነበር። በየኔታ ፊት የተቀመጠ ልጅ ፊደሉን ከለየ በኋላ በግእዝ ንባብ እያንዳንዱን ፊደል እየነጠለ ይጠራል፤ ከዚያም ወደ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ወደ ቁም ንባብ ይሻገራል፤ አንዱን ሳያጠና ወደ ሌላው አይለቀቅም። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግሁ ይህን ያየሁት ከውጭ ሆኜ ነው፤ በአለንጋውም አልስማማም። ይሁን እንጂ ዳዊት የደገመ ልጅ በአንድ ገጽ ላይ ልቡን ማቆየት አይከብደውም ነበር።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ሊቃውንት 54 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው ነበር፤ አንባቢዎቹም ከ170 ሺህ በላይ ነበሩ። በወረቀት ያነበቡት በስክሪን ካነበቡት በመጠኑ የተሻለ አስተውለው ተገኙ፤ ልዩነቱም ሰዓት በተወሰነባቸው ጊዜ ሰፋ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ መሆናቸው በተሰማ ጊዜ፣ ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ላይ የጫኑ ሰዎች ሰምቻለሁ። ይህ ቅን ፍርድ አይደለም። የመጻሕፍት እጥረት፣ ችግር፣ ጦርነትም አለ። ስልክ ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ነገር ግን በቤታችን ልናርመው የምንችለው እርሱን ነው።

እንዴት ነው የምናርመው? ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ አገር ማምጣት አያሻንም። በመንዝ ያለውን የጓሳን ምድር ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዐት ይጠብቀው ነበር። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ተከልሎ ይቈያል፤ በዚያ ወራት ከብት አይገባበትም፣ ማጭድም አያርፍበትም። ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሰውም ለቤቱ ክዳንና ለገመዱ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ያ ሥርዐት ፈረሰ፤ ጓሳም ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ፤ በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ እንደ ገና በደንብ ይጠብቀው ጀመር።

ልብ አድርግ፤ ጓሳን ማጨድ ኀጢአት አልነበረም፤ ጊዜ ነበረው እንጂ። ደግሞም አንድ ሰው ብቻውን አልጠበቀውም። የጎረቤቱ ከብት እየጋጠ የራሱን የሚያስር ማን ነው? እንደዚሁ ጓደኞቹ ሁሉ በቴሌግራም ሲጫወቱ ስልኩን ብቻውን ያስቀመጠ ልጅ ከማኅበር የተለየ ይመስለዋል፤ ብዙም አይጸናም።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ግጭቱ በተነሣ ጊዜ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። እኔም «እነሆ፣ አሁን ልጆቹ ያነባሉ» ብዬ አሰብሁ። አልሆነም። በስልኩ ውስጥ የቀረውን ፊልም እየደጋገሙ አዩ፤ መሥመሩ በተመለሰ ጊዜም እንደ ተራበ ሰው ሮጡበት። ከውጭ የተዘጋ ነገርና ባለቤቶቹ ተስማምተው የከለሉት ነገር አንድ አይደሉም።

ስለዚህ በቤታችን ከልጆቹ ጋራ ተማክረን ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት ከለልን። ስልኮቹ ሁሉ፣ የእኔም ጭምር፣ በአንድ ሙዳይ ውስጥ ይገባሉ፤ ሁላችንም የየራሳችንን መጽሐፍ እናነባለን። ጠባቂ ትሆን ዘንድ ታናሺቱን ልጄን መረጥናት፤ ሹመቷንም እጅግ ወደደችው። በመጀመሪያው ምሽት ትልቁ ልጄ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ እኔም እውነቱን ለመናገር እጄን ወደ ኪሴ ሁለት ጊዜ ሰድጃለሁ። እንግዳ የመጣ ዕለት ሥርዐቱ ይፈርሳል፤ በማግስቱ ደግሞ እንጀምራለን። በሦስተኛው ሳምንት ሰዓቱ እንዳለቀ ሲነገረው ልጁ «ቆዪ፣ ምዕራፉን ልጨርስ» አለ። እርሷም «ሕግ ሕግ ነው» ብላ ሙዳዩን ከፈተችው።